ስልኩ ልጁን ዝም ያሰኘዋል፤ ያጽናናዋል ወይ?

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ ትንንሽ ልጆችና ስለ ስልክ ነው።

ነገሩ የጀመረበትን ጊዜ እናስታውስ። በኬንያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው ማርች 13 ቀን 2020 ነበር። ወዲያው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያው ወር መጨረሻ የሌሊት ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ በአፕሪል ከናይሮቢ መውጣትና መግባት ተከለከለ፤ በሜይ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ኢስሊ ለብቻው ተዘጋ። ትምህርት ቤት ለሁሉም ክፍሎች የተከፈተው በጃንዋሪ 2021 ነው።

በእነዚያ ወራት በአንዲት ክፍል የሚኖር ቤተሰብ ምን ያድርግ? የቀን ሥራ ቆሟል፤ የቤት ኪራዩ ግን አልቆመም። ሕፃኑ ሲያለቅስ እናት ስልኳን ሰጠችው፤ ዝም አለ። ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ይሁን እንጂ መንገዱ ሲከፈት ልማዱ ከቤታችን አልወጣም፤ ታናናሾቹም ወረሱት። ዛሬም ስልክ ካልተከፈተለት የማይበላ፣ ሲወሰድበት መሬት ላይ የሚንከባለል ልጅ አለ።

ልብ በሉ፤ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የተጽናና አይደለም። ትንሽ ልጅ ፍርሃቱን በቃል መግለጽ ያቅተዋል። የሚረጋጋው ሲታቀፍ፣ ፊታችንን ሲያይ፣ ድምፃችንን ሲሰማ ነው። በተናደደ ቁጥር ስልክ ከተሰጠው ግን ራሱን ማረጋጋት ሳይለምድ ያድጋል። ደግሞም በ2020 መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሳ፣ እኛ ስለ ዘመዶቻችን ተጨንቀን የከፈትነውን አሰቃቂ ምስል ከጎናችን የተቀመጡ ልጆችም አይተዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን እንዳያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. በምግብ ሰዓትና ከመኝታ በፊት ስልኩን እናርቅ፤ የእኛንም ጭምር።

2. በድንገት አንንጠቀው። «ይህ ሲያልቅ እንዘጋለን» ብለን አስቀድመን እንንገረው፤ ቃላችንንም እንጠብቅ። ሲያለቅስ አቅፈን «ተናደድክ አይደል? እኔ አለሁ» እንበለው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ እንታገሥ።

3. በምትኩ የሚሠራው ነገር እንስጠው። ምስር ሲለቀም አብሮ ይልቀም፤ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ስኒ ይደርድር። ድብብቆሽ በጠባብ ቤትም ይቻላል። ማታ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ተረት እንንገረው።

4. የጦርነትና የሞት ዜና ልጁ ሲተኛ እንይ። አገር ቤት ካለች አያቱ ጋር በስልክ መተያየት ግን፣ አብረነው ሆነን ከሆነ፣ መልካም ነው።

ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፣ ሌሊት ሌሊት የሚቃዥ ወይም ይናገር የነበረውን ያቆመ ልጅ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አድማጮቻችን፣ ለዛሬ ያዘጋጀነው ይኸው ነው። ዛሬ ማታ ስልኩን ለግማሽ ሰዓት አስቀምጣችሁ ልጃችሁን አጫውቱት።