የባቡር ጣቢያ የት ይሠራ?



በአዊ ምድር ሐዲድ የለም። በድሬዳዋ ያሉ ወዳጆቹን ሊጠይቅ የተነሣ የዳንግላ ሰው ባቡር የሚያገኘው በአውቶቡስ እንጅባራንና ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ አዲስ አበባንም አቋርጦ ለቡ ሲደርስ ነው።

ቀድሞ ነገሩ ሌላ ነበር። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስለከበደ መስመሩ በግርጌው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ ሆነ። ባቡር ከተማ ወለደ ማለት ነው። በአዲስ አበባም ለገሃር ከመካከል ነበር። እንግዳው ሲወርድ ወዳጁ በጣቢያው ደጃፍ ቆሞ ይቀበለው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፣ የሐዲዱ ስፋት ከ1 ሜትር ወደ 1.435 ሜትር አድጓል። ፈጣን ባቡር ሰፊ ኩርባና ለዘብ ያለ ዳገት ይሻልና ጣቢያዎቹ ከከተማ ዳር ወጡ። ስሌቱ ትክክል ነው። ሆኖም በሐዲድ ላይ ከተቆጠበው ሰዓት ከፊሉ ከጣቢያ እስከ ወዳጅ ቤት ባጃጅ ሲፈለግ ያልቃል። የዳንግላ ጋሪ እንኳ ከደጃፍ ያደርሳል!

ሐዲድ አንድ ቀን ወደ እንጅባራ ቢመጣ፣ ቀያሹ ከድልድዩና ከዋሻው አስቀድሞ ጣቢያው ከመናኸሪያው በስንት ሜትር እንደሚርቅ ሊወስን ይገባዋል።