ስለ «ሙድ» አጭር ንግግር



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ግቢያችን «ሙድ» ሳትባል የምትውልበት ቀን የለችም። ቃሏ የእንግሊዝኛ ናት፤ በአገሯ የሰውን የስሜት ሁኔታ ታመለክታለች። እኛ ዘንድ ግን ትርጓሜዋ እንደሚከተላት ግሥ ይለዋወጣል። ፒያሳ ያለው ቡና ቤት «ሙድ አለው» ስንል ደስ ይላል ማለታችን ነው። ሐረጎን ስንወርድ ጓደኛችን ቢነተርከን «ሙዴን አበላሸኸው» እንላለን፤ ደስታዬን ማለት ነው። «ሙዱ ገባኝ» ካልን የነገሩን አዝማሚያ ተረድተናል። «ሙድ ያዘብኝ» ግን ተሳለቀብኝ ማለት ነው፤ መርዙም ያለው «ብኝ» ላይ ነው።

ከገጠር የመጣ ጓደኛችን በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ ሲጠይቅ በአነጋገሩ ሙድ ከተያዘበት፥ ሁለተኛ አይጠይቅም። ጥያቄው የብዙዎቻችን ነበረ፤ መልሱም ሳይደርሰን ይቀራል። ስለዚህ በቃሏ እንጫወት፤ በሰው ግን አንጫወት።