ለሠራተኛ ማቅለል

ዛሬ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ በተዘረጋው የቡና ምድራችን ስለ አሠሪና ሠራተኛ ጥቂት እንነጋገራለን።

በሱረቱል ቀሰስ ውስጥ አንድ የሥራ ውል እናገኛለን። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) በመድየን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሲዋዋሉ ግዴታቸው የስምንት ዓመት አገልግሎት ነበር፤ አሥር ቢሞሉ በራሳቸው ፈቃድ ነው። ሽማግሌውም ሊያስቸግሯቸው እንደማይፈልጉ አስቀድመው ነገሯቸው። ልብ እንበል! ውሉ ቁርጥ ነው፤ ለሠራተኛው ግን መተንፈሻ ተትቶለታል።

እኛ ዘንድስ? በበበቃም ሆነ በቴፒ፣ በሰፊው እርሻም ሆነ በጓሮ፣ ቡና ሲቀላ ፋታ አይሰጥም። ለመታጠብ የተለቀመ ቀይ ቡና ሳይፈለፈል ካደረ ጥራቱ ይበላሻል። ስለዚህ አሠሪዎች እንጣደፋለን። በኪሎ የሚከፈለው ለቃሚም ይጣደፋል። በዚህ መሐል የምታጠባ እናት፣ ልጁ የታመመበት አባት፣ የጁሙዓ ሰላትም ይዘነጋሉ። «ካልተመቸህ ሌላ ሰው ሞልቷል» ማለትም ይቀናናል።

የሀገራችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቅዷል። ሕግ ይህን ያህል ካሰበ፣ አላህን የምንፈራ አሠሪዎች ለወቅት ለቃሚዋ ምን አሰብንላት? ልጇን አጥብታ ረፈድ አድርጋ ብትጀምር ምን ይጎድልብናል? የምንከፍላት በለቀመችው ልክ ነው! በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአርብ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑ የተለመደ ነው። ጁሙዓ የሰገደ ለቃሚም ማለዳ ቀደም ብሎ በመግባት ሰዓቱን ሊያካክስ ይችላል።

ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ያገለገሉት አነስ (ረ.ዐ) አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳልተባሉ ተናግረዋል። የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ደመወዙ ይሰጠው ዘንድም ታዘናል። ሚዛን ማጉደልማ ቁርኣን አጥብቆ ያስጠነቀቀን ወንጀል ነው።

ሠራተኛ ወንድሞችና እህቶችም! አሠሪ ሲያቀልልን አማናውን እንጠብቅ። ኪሎ ለማብዛት ብለን ጥሬውን ከቀዩ አንቀላቅል፤ ቅርንጫፉንም አንስበር። አንዱ ሲያቀል ሌላው ካጭበረበረ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚከብደው በሐቀኛው ላይ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ከሚያቀሉት ያድርገን፤ በሪዝቃችንም በረካ ያኑርልን።