ከስፍር በላይ

በግእዝ «ጸገወ» ማለት ያለ ዋጋ ሰጠ ማለት ነው፤ «ጸጋ»ም የዚሁ ግስ ልጅ ነው። በክርስትና ትምህርት ጸጋ እግዚአብሔር ለማይገባው ሰው የሚሰጠው ስጦታ ነው፤ በደለኛው በፊቱ ሞገስ አግኝቶ የሚቆመውም በዚሁ ነው። በትርጉም የቃሉ የቅርብ ዘመድ ገበያ ውስጥ ይገኛል። ቢቸና ወይም ሞጣ ገበያ ላይ ጤፍ ሻጯ ሰፍራ ስትጨርስ ገዢዋ «መርቂልኝ እንጂ» ትላለች። ሻጯም እፍኝ ሙሉ ዘግና ከስፍሩ ላይ ትጨምራለች። ገንዘቡ የተከፈለው ለስፍሩ ነው፤ እፍኙ ምርቃት ይባላል። ለዛሬው የተማሪዎች በዓል ስሙን የሰጠው «ምረቃ»ም የወጣው ከዚያው ከ«መረቀ» ነው።

ምሳሌው አንድ ጉድለት አለበት፤ ገበያ ላይ የሚመረቅለት አስቀድሞ የከፈለ ነው። በሃይማኖት ግን ስጦታው ይቀድማል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ታጠምቃለች። በዚያ ዕድሜ ሕፃኑ አልጾመ፣ አልሰገደ፣ አልመጸወተ፤ ስሙን እንኳ ለይቶ አያውቅም። የሥላሴን ልጅነት ግን ተቀብሎ ይወጣል። ጾምና ስግደት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። የንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖናም ለቆሰለ የሚታዘዝ መድኃኒት እንጂ የይቅርታ ዋጋ አይደለም። ስግደቱን እንደ ዕዳ ክፍያ እየቆጠረ የሚሰግድ ምእመን ጥቂት አለመሆኑ ያሳዝናል።

«ጸጋ» የሚለው ስም በሀገሪቱ ታሪክ ውስጥ የጠብ ስምም ሆኖ ያውቃል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የኦርቶዶክስን እምነት ከመለሱ በኋላ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ መቀባት ተከራክረው ተዋሕዶ፣ ቅባት፣ ጸጋ ተባብለው ተለያዩ። ቅባት በጎጃም ጸና። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለተዋሕዶ ፈረዱ። ይህን ያህል ዘመን ያከራከረው የክርስቶስ ነገር ነበር እንጂ ኃጢአተኛ በምን ይማራል የሚለው አልነበረም።

ለዚህኛው ጥያቄ ሕዝቡ መልሱን የሚያገኘው ከበላዔ ሰብ ታሪክ ነው። የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ይተረካል። የቅምር ሰው የነበረው በላዔ ሰብ 78 ነፍስ በልቷል። አንድ ቀን በውሃ ጥም የተቃጠለ ድውይ መንገድ ላይ ያገኘውና ውሃ ይለምነዋል። ይከለክለዋል። በመጨረሻ ስለ ማርያም ብሎ ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። በፍርድ ቀን ሚዛን ሲቀርብ በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኟ ውሃ ተቀመጠች። ሚዛኑ ያጋደለው ግን በውሃዋ ክብደት አይደለም፤ እመቤታችን ጥላዋን ስለጣለችበት ነው። ታሪኩን ሰምቶ «እንግዲያው ጥርኝ ውሃ ይበቃል» የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦታል፤ ውሃዋ ብቻዋን ምንም አትመዝንም ነበር።

የማርያም ስም በምሥራቅ ጎጃም ደጃፍ ሁሉ ይታወቃል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ማለቱ ነው። የቤቱ እመቤት ልጁ ከየት እንደመጣ፣ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ አትጠይቅም፤ ቁራሽ ታወጣለታለች። ብዙ ጊዜም ቁራሹ ከራሷ ልጆች የተረፈ አይደለም። የጎጃም ቅኔ ቤትና በቢቸና አቅራቢያ ያለው የዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ተማሪ ሲያፈሩ የኖሩት በዚህ ቁራሽ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ዲማ ነበር። ቅኔ የተቀኙትን፣ መጽሐፍ የተረጎሙትን ሊቃውንት ያሳደገቻቸው ሴት ስሟ የትም አልተጻፈም።

የዛሬ ምሩቃን ነገ ደመወዝተኛ ይሆናሉ፤ ቤት ይሠራሉ፣ በር ይዘጋሉ። ማለዳ ከበራቸው ውጭ ያ የቆሎ ተማሪ ጥሪ የተሰማ እንደሆነ፣ ልጁ ሳይመረመር ይከፈትለት።