አስናቀችን ቆቦ ላይ መስማት

እሱ፦ ተዋናይቷን አስናቀች ወርቁን ሰምተናል፤ ክራር ደርዳሪዋን ግን ብዙ ወጣት ገና አሁን ነው የሚያገኛት። ያረፈችው መስከረም 2004 ዓ.ም. ነው።

እሷ፦ በእሷ ዘመን ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ራሱ ያሰድብ ነበር እኮ!

እሱ፦ ስትዘፍንም ትያትሩን አትተወውም። ጨዋታ አስመስላ በነገር ትወጋለች። የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም 16ኛውን ቅጽ ለእሷ ሰጥቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2003።

እሷ፦ ፈረንጅ ቀደመን በለኛ! ለነገሩ ክራር የሚቃኝባቸው አምባሰልና ባቲ ስማቸው ከወሎ የተወሰደ ነው።

እሱ፦ ቢሆንም የእኛ ራያ ቆቦ ሌላ ነው። እዚህ ጭፈራው ከበሮና እግር ይፈልጋል። ክራር ብቻውን ለቆቦ ሠርግ አይበቃም።

እሷ፦ ለሠርግ ነው ማን አለህ? ክራሯን ማታ ማሽላ ለሚጠብቅ ሰው ነው የምጋብዘው።

እሱ፦ ይሁንልሽ። በይ፣ ትዝታዋን ልቀቂልን።