«አንዊልዲ» ማለት «ከባድ» ማለት ነውን?



የእንግሊዝኛ ደብዳቤና ሪፖርት ወደ አማርኛ የምትመልሱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች «አንዊልዲ» የሚለውን ቅጽል ሳታገኙት አትቀሩም። ይህ ቃል ሲመጣ ብዕር ፈጥኖ የሚጽፈው «ከባድ» የሚለውን ነው። አመላለሱ ቀላል ስሕተት ይመስላል፤ ነገር ግን በእርሱ ምክንያት አንድ መሥሪያ ቤት ሊያደርግ ከሚገባው ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል።

እስቲ ነገሩን በሸክም እንመልከተው። አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ከባድ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ልማድ ያለው ተሸካሚ አንድ ጊዜ አስተካክለው ካሸከሙት ጆንያው ከጀርባው ጋር ተስማምቶ ይሄድለታል። ሰፊ የስፖንጅ ፍራሽ በጠባብ ደረጃ ወደ ፎቅ ሲወጣ ግን፣ ክብደቱ የጤፉን ሩብ እንኳ ሳይሞላ፣ አንዱን ጫፍ ሲይዙት ሌላው ይታጠፋል፤ በመዞሪያው ላይ ከግድግዳ ጋር ይጣላል፤ የተሸካሚውን ዐይን ይጋርዳል። እንግሊዞች «አንዊልዲ» የሚሉት ፍራሹን ነው እንጂ ጤፉን አይደለም። ቃሉ የሚገባው አንድ ነገር ከመጠኑ ወይም ከቅርጹ የተነሣ ለያዡ እጅ አልታዘዝ ሲል ነው።

የቃሉም ሥር ይህንኑ ያስረዳል። «ዊልድ» የሚለው ግስ በጥንታዊው እንግሊዝኛ መግዛት፣ ማስተዳደር ማለት ነበር፤ ዛሬም ሰይፍን ወይም ሥልጣንን ይዞ ለሚሠራበት ሰው ይነገራል። በጀርመንኛ አስተዳደር ማለት የሆነው «ፈርቫልቱንግ» ከዚሁ ሥር የበቀለ ዘመዱ ነው። «አን» የሚለው መነሻ አፍራሽ ስለ ሆነ፣ ቃሉ በጠቅላላው «የማይገዛ፣ የማይታዘዝ» የሚል አሳብ ይሰጣል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ14ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ቃሉ ለደከመ ሰው ይነገር ነበር። ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር በካንተርበሪ ተረቶቹ ውስጥ አንድ አረጋዊ ስለ ደከሙት እጅና እግሮቹ ሲናገር የቃሉን ጥንታዊ መልክ አስገብቶታል። ይኸውም ሰውዬው የገዛ አካሉን ማዘዝ አቅቶታል ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ቃሉ ወደ መሣሪያና ወደ ዕቃ ተሻገረ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ እግረኛ ወታደር የሚይዘው ረጅም ጦር 5 ሜትር ያህል ይደርስ ነበር። ክብደቱ ጎልማሳ ሰው የሚያቅተው አልነበረም፤ ርዝመቱ ግን በጠባብ ስፍራ ለማዞር፣ በነፋስም ጊዜ አቅንቶ ለመያዝ እጅግ ያስቸግር ነበር። ስለዚህ በ17ኛው መቶ ዓመት አንዳንድ የእንግሊዝ ወታደሮች ጫፉን እየቆረጡ ያሳጥሩት ነበር። ችግሩ ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብርቱ ጎልማሳ መምረጥ በበቃ ነበር።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤታችን እንመለስ። አንድ የውጭ አገር አማካሪ የአንድን መሥሪያ ቤት የፈቃድ አሰጣጥ መርምሮ፣ ወረቀቱ በዘጠኝ ሹማምንት እጅ እየተፈረመ ማለፉን አይቶ «አንዊልዲ» ነው ብሎ ጻፈ እንበል። ተርጓሚው «አሠራሩ ከባድ ነው» ብሎ መለሰው። የበላዩ ሹም ይህን ባነበበ ጊዜ ሥራው በዝቷል ማለት መሰለው፤ ስለዚህ ሰው እንዲጨመርለት ጠየቀ። የተጨመረውም ሰው ዐሥረኛ ፈራሚ ሆነ! አማካሪው የፈለገው ግን ፊርማው እንዲቀነስ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። በአማርኛችን «ከባድ ሰው» ማለት የተከበረ፣ ረጋ ያለ፣ ነገሩ የሚደመጥ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ አርባ አባላት ስላሉት ኮሚቴ የተጻፈውን ነቀፋ «ከባድ ኮሚቴ» ብለን ብንመልሰው፣ ወቀሳውን ምስጋና አደረግነው ማለት ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ደስ ሊለው ይችላል።

ታዲያ ምን እንበል? ለሁሉ ቦታ የሚሆን አንድ የአማርኛ ቃል መፈለግ በእኔ አስተያየት ከንቱ ድካም ነው። ለዕቃ ሲሆን «ለአያያዝ የማያመች»፣ ለኮሚቴና ለመሥሪያ ቤት ሲሆን «ከስፋቱ የተነሣ ለአመራር የማያመች»፣ ለዐረፍተ ነገር ወይም ለአሠራር ሲሆን «የተንዛዛ» ቢባል አሳቡ ይደርሳል። «እንቢተኛ» ማለት ግን አይገባም፤ እንቢተኝነት የፈቃድ ጉዳይ ነውና። ግትር በቅሎ አንዊልዲ አይባልም፤ በጀርባው ላይ በአግድም የተጫነው ረጅም ወራጅ ግን ይባላል።

ጎረቤቶቹንም በአጭሩ መለየት ይበጃል። «በልኪ» ብዙ ቦታ ለሚይዝ ነገር ሁሉ ይነገራል፤ ክብደቱን አይጠይቅም። «ከምበርሰም» ግን ለእኛው ቃል በጣም ይቀርባል፤ ዘሩ ከጥንት ፈረንሳይኛ መሆኑ ይነገራል፤ መሰናክል የመሆንን፣ ሥራን የማጓተትን አሳብ ይበልጥ ያጎላል። ለዘጠኙ ፊርማ ሁለቱም ይስማማሉ፤ ለፍራሹ ግን የፊተኛው ይሻላል።

በመጨረሻ አጻጻፉን ልብ በሉ። ብዙ ሰዎች፣ እንግሊዞችም ጭምር፣ ከመጨረሻው ፊደል በፊት አንድ «ል» ጨምረው «አንዊልድሊ» ብለው ይጽፉታል። «ል» በቃሉ ውስጥ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ከ«ድ» በፊት ነው።