ሆድ ይፍጀው ማለት ይብቃን

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ይህን ጉዳይ በዛሬው ስብሰባ ውስጥ ስላገባልን እናመሰግናለን። በዚህ አዳራሽ ስንሰበሰብ ልማዳችን ስለ ካፌው ዳቦ፤ ስለ ውሃው መቋረጥ፤ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት መነጋገር ነው። እነዚህም ቢሆኑ የሚናቁ አይደሉም። ዛሬ የምናነሣው ነገር ግን በአቤቱታ መዝገባችን ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ተጽፎ አያውቅም። ይኸውም ከመካከላችን ብዙዎች ማንም ሳያውቅላቸው በየአልጋቸው የሚታመሙት፤ ሐኪሞች ድብርት ወይም ድባቴ የሚሉት የመንፈስ ሕመም ነው።

ይህን ንግግር እንድናቀርብ የተጠየቅነው ዐዋቂዎች ስለ ሆንን አይደለም። አንድ ክፍል የምንኖር ተማሪዎች ነን። ባለፈው ዓመት ስድስት ነበርን፤ ዛሬ አምስት ነን። ስድስተኛው ወንድማችን አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ትምህርቱን አጥቶ በአባቱ ቤት ተቀምጧል። ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን እንዳንጠራ ለምኖናል። ስለዚህ “ጓደኛችን” እያልን እንቀጥላለን።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጓደኛችን ከነዚያ አንዱ ነው። ከትምህርት ቤቱ ያለፈው እሱ ብቻ ነበር። አባቱ በሬ ሸጦ ላከው፤ የሰፈሩ ሰው በግ አርዶ መርቆ ሸኘው። ወደዚህ ሲመጣ የተሸከመው ሻንጣውን ብቻ ሳይሆን ያን ሁሉ ምርቃት ጭምር ነበር።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር የጠዋት ትምህርት መቅረት ጀመረ። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይውላል፤ እንቅልፍ ግን አልነበረውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንነቃ ዓይኑ ፈጦ ጣራ ጣራውን ሲያይ እናገኘዋለን። ኳስ የሚወድ ልጅ ነበር፤ ኳሱን ተወ። ካፌ መሄድም ተወ። “ራሴን ይነድለኛል፤ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል” ይል ነበር፤ ክሊኒክ ሄዶም የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ተመለሰ።

እኛስ ምን አደረግን? መጀመሪያ ሳቅንበት፤ “እንቅልፋሙ” ብለን ስም አወጣንለት። ቀጥሎ መከርነው፤ ምክራችንም “ወንድ ልጅ ቻይ ነው፤ ሆድ ይፍጀው በለው” የሚል ነበር። በመጨረሻም ደግ ሥራ የሠራን መስሎን መምህሩ በሚያዞረው የስም ወረቀት ላይ በእሱ ፈንታ እየፈረምን መቅረቱን ሸሸግንለት። ያ ፊርማ ዛሬ ይቆጨናል። መቅረቱ ታይቶ ቢሆን ኖሮ “ይህ ልጅ ወዴት ሄደ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምናልባት ይገኝ ነበር። አንድ ሌሊትም “ነገ ባልነቃ ደስ ይለኛል” ሲል ከመካከላችን አንዱ ሰምቶታል። የሰጠው መልስ “ተኛ ባክህ፤ ነገ ፈተና አለብን” የሚል ነበር።

ጓደኛችን ለመጨረሻው ፈተና አልተቀመጠም። አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ሄደ። ውጤት ሲለጠፍ በስሙ አንጻር የወደቀባቸው ትምህርቶች ተደርድረው ተገኙ፤ ተባረረም። በሕመም ምክንያት ፎርም ሞልቶ ቢወጣ ኖሮ ቦታው ይጠበቅለት እንደ ነበር ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ፎርም መኖሩን እሱም እኛም አናውቅም ነበር።

ለመሆኑ ድብርት ምንድን ነው?

ሐዘን ሁሉ ሕመም አይደለም። ሰው ዘመዱ ሲሞትበት ያለቅሳል፤ ፈተና ሲወድቅ ይተክዛል፤ ይህ የጤና ነው። ኀዘንተኛ እንኳ በለቅሶ ቤት አንድ ጨዋታ ሲነሣ ፈገግ ይላል። ድብርት ከዚህ ይለያል። ሐኪሞች የሚመለከቷቸው ዋና ዋና ምልክቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው አብዛኛውን ቀን የማይለቅ የስሜት መጨለም ነው፤ ሁለተኛው ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ነው። ከነዚህ ጋራ እንቅልፍ ማጣት ወይም ማብዛት፤ የምግብ ፍላጎት መለዋወጥ፤ ድካም፤ አሳብን መሰብሰብ አለመቻል፤ ራስን እንደ ከንቱ መቁጠር፤ ሞትንም መመኘት ይመጣሉ። እነዚህ ተደራርበው በየቀኑ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቁ ነገሩ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ ሕመም ነው።

ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። ከዘር የሚወረስ ዝንባሌ፤ በልጅነት የደረሰ መከራ፤ የቅርብ ጊዜ ኀዘንና ችግር ተደራርበው ሰውን ይጥሉታል። ስለዚህ የታመመውን ሰው “ምን ጎደለህ?” ብሎ መቆጣት የወባ በሽተኛን “ለምን ትንቀጠቀጣለህ?” እንደ ማለት ነው። በአገራችን ደግሞ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በአካል በኩል ይናገራል፤ ራስ ምታት፤ የልብ ምት መፍጠን፤ የጨጓራ ማቃጠል ሆኖ ይመጣል። የጓደኛችን መንፈስ በጨጓራው በኩል ሲጮኽ የሰማው አልነበረም።

ሐኪሞች በመላው ዓለም የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል መጠይቅ አለ። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱ ምልክት ምን ያህል ጊዜ እንዳስቸገረ ይጠይቅና ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ባለሙያ እንዲያየው ይመከራል። መጠይቁ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ በሐኪም ቤት ሕሙማን ላይ ተፈትኗል፤ የሚያገለግል ሆኖም ተገኝቷል። የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ነገር ግን “ሰነፍ ነኝ” ብሎ ራሱን ለሚረግም ተማሪ ሰነፍ እንዳልሆነ ሊያሳየው ይችላል።

ተማሪን ለምን ይበረታበታል?

ይህ የኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በ8 አገሮች በሚገኙ 19 ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች 14 ሺህ ያህል የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ተጠይቀው ነበር። ከመቶ 31 ያህሉ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ የአእምሮ ጤና ችግር ምልክት የታየባቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ድብርትም ከሁሉ የበዛው ነበር። እነዚያ አገሮች ከኛ ይልቅ ባለጸጋ የሆኑ ይበዙባቸዋል። እንግዲህ የዕድሜው ጠባይና ከቤት መለየት ብቻ ይህን ያህል ከከበዱ፤ በኛ ላይ የተጨመረውን አስቡት።

የተመደብንበት ቦታ ከቤታችን የሁለት ቀን መንገድ የሆነብን አለን። የሚነገርበትን ቋንቋ ሳናውቅ የመጣን አለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ቤታችን የተቀመጥን ነን። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ወንድሙን ያጣ፤ ቤቱ የተቃጠለበት፤ የትምህርት ዓመታቱ የባከኑበት ተማሪ ዛሬ ከኛ ጋራ በአንድ ወንበር ተቀምጧል። እኅቶቻችን ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ሲመለሱ የሚያስፈራቸው መንገድ አለባቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናው ተጨምሯል። ገንዘብ የላከው ቤተ ሰብ በስልክ የሚጠይቀው “ደኅና ነህ ወይ?” ብሎ ነው፤ እኛም “ደኅና ነኝ” እንላለን።

ችግሩን የሚያባብሱ ልማዶችም አሉን። ፈተና ሲቃረብ ጫት ይዘን እናድራለን። ምርቃናው ሲያልፍ ሰውነት ይዝላል፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ይላል። ያን ለመስበር ጨብሲ እየተባለ መጠጥ ይጠጣል፤ በማግሥቱም ያው ይደገማል። ስሜቱ ለጨለመ ሰው እንቅልፍ መድኃኒት ሲሆን እኛ በገንዘባችን እናባርረዋለን።

ለምን ዝም እንላለን?

ቋንቋችን ቻይን ያመሰግናል። ችሎታ በጎ ነገር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን አባቶቻችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ብለው አስተምረውናል። ሆድ ይፍጀው የተባለው ነገር በሆድ ውስጥ አይፈጅም፤ ባለቤቱን ይፈጃል እንጂ።

ሁለተኛው ምክንያት “እብድ ይሉኛል” የሚለው ፍርሃት ነው። የምክር አገልግሎቱ ቢሮ በር ከዲሲፕሊን ኮሚቴው በር ጋራ በአንድ መተላለፊያ ላይ ነው። እዚያ ቆሞ የታየ ተማሪ ወይ ተከሷል ወይ አብዷል ይባላል። ታዲያ ማን ደፍሮ ያንኳኳል?

ሦስተኛው ሕክምናና እምነት የሚጣሉ መስሎን ነው። ጠበል ለሚጠመቅ፤ ዱዓ ለሚያስደርግ ወገናችን ክፉ ቃል የለንም። እምነት ያጽናናል፤ ከብቸኝነትም ያወጣል። የምንለው ጸሎቱና መድኃኒቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም ነው።

ሕመሙ ይድናል

ጓደኛችን ቤቱ እንደ ገባ ነገሩን የተረዳችው ታላቅ እኅቱ ናት። ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። መድኃኒት ታዘዘለት፤ በየጊዜውም ከባለሙያ ጋራ ተቀምጦ መነጋገር ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት “ምንም አልረባኝም” ብሎ ሊያቆም ነበር። የዚህ ሕመም መድኃኒት ለውጡን የሚያሳየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሆኑን፤ ሲሻለውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቋረጥ እንደሌለበት ሰው ባይነግረው ኖሮ ባቆመው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ እንጀራ አማረው። አሁን ለመንደሩ ልጆች ሒሳብ ያስተምራል።

አገራችን በዚህ ሥራ ረጅም መንገድ አላት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሐኪም መሆን የፈለገ ዶክተር ባሕር ማዶ መሄድ ነበረበት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ በአገር ውስጥ ማስተማር የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልትም ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አቀደ። ይሁንና በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከታመሙት ከአራቱ ሦስቱ በላይ ሕክምና እንደማያገኙ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች በገዛ እጃቸው እንደ ሞቱ፤ ይህም ከ15 እስከ 29 ዓመት ላሉ ወጣቶች ሦስተኛው የሞት ምክንያት እንደ ሆነ ገልጿል። ይህ ዕድሜ የኛ ዕድሜ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ እንጠይቅ። ጓደኛ ከክፍል፤ ከካፌ፤ ከጨዋታ ሲጠፋ በስሙ መፈረም ይቅር፤ አጠገቡ እንቀመጥ። ምክር ከማብዛት መስማት ይበልጣል።

ሁለተኛ፤ ሞትን የሚመኝ ቃል ከሰማን አንለፈው። “ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?” ብሎ በግልጥ መጠየቅ አሳቡን አይፈጥርም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አንተወው፤ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ እናርቅ፤ በዚያው ሌሊትም ቢሆን ተከትለነው ሐኪም ቤት እንሂድ። ምሥጢር ጠብቁልኝ ቢልም ሕይወቱ ከምሥጢሩ ይበልጣል።

ሦስተኛ፤ ማኅበሩ በየሕንጻው ሁለት ሁለት ተማሪዎች መርጦ ከባለሙያ ትምህርት እንዲያገኙ ያድርግ። ሐኪም እንዲሆኑ አይደለም፤ የታመመውን እስከ ሐኪሙ በር የሚያደርሱ እንዲሆኑ ነው።

አራተኛ፤ ለአስተዳደሩ ሦስት ልመናዎች እናቅርብ። በሕመም ምክንያት ትምህርት የማቋረጥና የመመለስ ደንብ ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ በየሕንጻው ይለጠፍ። የመንፈስ ሕመም ማስረጃም እንደ ሳንባ ነቀርሳና እንደ ስብራት ማስረጃ እኩል ይቆጠር። የምክር ቢሮው ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ጎረቤትነት ይውጣ።

የተከበራችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤

ጓደኛችን የሐኪሙን ማስረጃ አያይዞ ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ ማመልከቻ አስገብቷል። መልሱ ገና አልመጣም። ይህ ስብሰባ በማመልከቻው ላይ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍለት እንለምናለን። አልጋውም ላይ እስከ ዛሬ ሌላ ተማሪ አልተመደበበትም። እኛ አምስታችን ያለፈውን ኅዳር መመለስ አንችልም፤ ከእናንተ ግን ዛሬ ማታ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ተከናንቦ የተኛ ጓደኛ የሚያገኝ ይኖራል። “ተኛ ባክህ” እንዳይለው አደራ እንላለን።